በፍልፈል ሰዓት

አባቴ ስለ ባሌ ሲያወራ ሁሌ የሚጀምረው ከአንድ የጭነት መኪና ጀርባ ላይ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደሎ መና የጂኦግራፊ መምህር ሆኖ ተመድቦ ነበር። ከጎባ ወደ ሥራው የሚሄደው በጭነት መኪና፣ ከስኳርና ከጨው ጆንያ ጋር ተጭኖ ነው። መንገዱ የሳነቴን አምባ አቋርጦ ያልፋል። «ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል» ይላል። «ጋቢዬን ተከናንቤ ዓይኔን ብቻ አውጥቻለሁ። መንገድ ዳር አንድ ቀይ ቀበሮ ቆሟል። አንገቱን ዝቅ አድርጎ ጉድጓድ ያያል። በአጠገቡ ስናልፍ ቀና ብሎ እንኳን አላየንም።»

ይህን ወሬ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ነው ያደግኩት። ሥራ ስይዝ «አንድ ቀን እወስድሃለሁ አባዬ» እለው ጀመር። እሱም «እሺ የኔ ልጅ» ይለኛል። ጡረታ ሲወጣ ግን ነገሩ አስጨነቀኝ። ስልሳን አልፏል። የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳል። ሳነቴ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ዛሬ ነገ እያልኩ ከቆየሁ መሄድ የማይችልበት ቀን ይመጣል ብዬ ፈራሁ።

የመጀመሪያውን ጉዞ ያበላሸሁት እኔው ነኝ። እንዲህ ነበር ያቀድኩት። በነሐሴ መሥሪያ ቤቴ ሥራ ይቀዘቅዛል። ዓርብን ፈቃድ ወሰድኩ፤ ቅዳሜና እሁድ ሲጨመሩ ሦስት ቀን ሆነ። አንድ አስጎብኚ ድርጅት ጋ ደወልኩ። «ቀይ ቀበሮ በነሐሴ ይታያል ወይ?» ስል፣ «ኧረ ምን ችግር አለው፣ እዚያው መንገድ ላይ ነው የምታገኙት» አሉኝ። ቀብድ ከፈልኩ። አለቀ።

ዓርብ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ ወጣን። በአዳማና በአሰላ አድርገን፣ ዶዶላን አልፈን ጎባ ስንደርስ መሽቷል። በማግስቱ ሳይነጋ ወደ ሳነቴ ጉዞ። ጎባ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ተነስተን ቁርስ በሚበላበት ሰዓት 4,000 ሜትር ላይ ነበርን። አምባው ላይ የጠበቀን ጉም ነው። የመኪናው መብራት ከፊታችን ሦስት እርምጃ አያሳይም። ጅብራ የሚባሉት ረጃጅም የደጋ ተክሎች ከጉሙ ውስጥ እንደ ሰው ብቅ ይላሉ፣ ተመልሰው ይጠፋሉ። አባዬ መስኮቱን በጋቢው ጫፍ እየጠረገ ያያል። እንደገና ይጠርጋል። ከአንድ ሰዓት በኋላ መጥረጉን ተወው። ዘወር ብዬ ሳየው ግንባሩን ይዟል፣ ከንፈሩ ገርጥቷል። «ትንሽ አናቴን ወጋኝ፤ ምንም አይደል» አለ። ሹፌሩን «መልሰን» አልኩት።

ስንመለስ አሰላ ላይ ሻይ እየጠጣን «እሱ እዚያው ነው፤ የትም አይሄድም» አለኝ። ስለ ቀበሮው ነው። ሊያጽናናኝ ፈልጎ እንደሆነ ገባኝ። ቤት እንደገባን ማንበብ ጀመርኩ። ያነበብኩት ግን የሚያጽናና አልነበረም።

በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም። ያሉት ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። ስሜን ተራሮች፣ ወሎ፣ መንዝ ጓሳና አርሲ ላይ ጥቂት ጥቂት ይገኛሉ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው። እኛ ቀበሮ እንላቸዋለን እንጂ የዘር ጥናቱ ወደ ተኩላ ያቀርባቸዋል። የአካባቢው ኦሮሞዎች ደግሞ «ጀዳላ ፈርዳ» ይሏቸዋል፤ የፈረስ ቀበሮ እንደማለት ነው። ለመውለድ የደረሰች ባዝራ ወይም ላም እየተከተሉ እንግዴ ልጁን ስለሚበሉ ነው ስሙ የወጣላቸው። ይህን ስነግረው አባዬ ደስ አለው። «እውነት ነው፣ ከብት መሀል ሲሄዱ አይቻለሁ፤ ከብቱም አይደነግጥም» አለ።

ከሁሉ በላይ የያዘኝ ግን ምግባቸው ነው። ቀይ ቀበሮ በቡድን ይኖራል። ጎህ ሲቀድ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሰላምታ ይለዋወጣል፣ ድንበሩን ዞሮ ያያል። ለአደን ሲሆን ግን ይበታተናሉ፤ እያንዳንዱ ብቻውን ይወጣል። የሚበላው ትልቅ እንስሳ ስላልሆነ አጋዥ አያስፈልገውም። ከምግቡ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው አይጥና ፍልፈል ነው። ከእነዚህ መሀል ደግሞ አንዱ ትልቅ ፍልፈል አለ። ከባሌ ተራሮች ውጭ የትም የለም። አንድ ኪሎ ሊጠጋ ይችላል። ዓይኖቹ ከራስ ቅሉ አናት ላይ ናቸው፤ አንገቱን ብቻ ከጉድጓድ አውጥቶ ዙሪያውን ለማየት እንዲመቸው።

የአባቴ ቀበሮ ያፈጠጠበት ጉድጓድ የማን እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ።

ይህ ፍልፈል ቀኑን ሙሉ ከመሬት በታች ነው። የሚወጣው ለአጭር ጊዜ፣ ሣርና ቅጠል ለመሰብሰብ ነው። ሲወጣም እንኳን ሙሉ ሰውነቱን አያወጣም። ወገቡ ጉድጓዱ ውስጥ እንደሆነ ዙሪያውን ያለውን በአፉ ያጭዳል፣ ወደ ኋላ ይስባል፣ ውስጥ ገብቶ ይበላል። ማታ ቅዝቃዜው እንዳይገባበት በሩን በአፈር ይደፍነዋል። ጠዋት ፀሐይ መሬቱን እስክታሞቀው አይከፍትም። እሱ ካልከፈተ ቀበሮው ጉድጓድ አፍ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ነገር የለም። እኛ ደግሞ በነሐሴ፣ ፀሐይ በሌለበት፣ ገና በማለዳ ሄደን ጉም ውስጥ ቆመን ነበር። ከብርዱና ከከፍታው በስተቀር ያገኘነው ነገር ያልነበረው ለዚህ ነው።

ሳፋሪ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ጣሪያው የተከፈተ መኪና፣ አንበሳና ዝሆን ነው። ቃሉ የስዋሂሊ ነው፤ «ሰፈር» ከሚለው አረብኛ የመጣ። ትርጉሙ ጉዞ ነው፣ ሌላ የለውም። ይህን ሳውቅ የመጀመሪያው እቅዴ ምን እንደጎደለው አየሁት። ከፈቃድ ቀኔ ተነስቼ፣ ወደ ሆቴል፣ ወደ መኪና፣ በመጨረሻ ወደ እንስሳው ነበር የሄድኩት። ሁለተኛውን ገልብጬ ሠራሁት። መጀመሪያ ፍልፈሉ። ከእሱ ሰዓቱን፣ ከሰዓቱ ወሩን፣ ከወሩ ፈቃዴን።

ወሩ ቀላል ነበር። ባሌ ላይ ዝናቡ ረጅም ነው፤ ከበልግ ተነስቶ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ይጠራል። ሌሊት ውሃ በረዶ ይሆናል፣ ረፋዱ ላይ ግን ፀሐይዋ ትጠነክራለች። ፍልፈል የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ቀበሮዎቹም የሚወልዱት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። በቡድኑ ውስጥ የምትወልደው ዋናዋ ሴት ነች፤ ሌሎቹ ቡችሎቹን በመመገብ ያግዟታል። ስለዚህ በዚህ ወቅት አዳኞቹ ሥራ ይበዛባቸዋል። ወደ ጎሬው መጠጋት ግን ነውር ነው። እናቲቱ ከደነገጠች ቡችሎቿን አፏ ውስጥ ይዛ ቦታ ትቀይራለች፤ ብርድ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ታኅሣሥን መረጥኩ።

ቀጥሎ ከፍታው መጣ። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ አጠፋሁ፣ አልቆጭም። አባቴን ወደ ሐኪሙ ወሰድኩት። ሐኪሙ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ፣ እንዳይቸኩል፣ ራስ ምታቱ ከባሰና ማቅለሽለሽ ከመጣ ወዲያው ዝቅ ወዳለ ቦታ እንዲወርድ ነገረው። ለከፍታ ሕመም እንደ መውረድ ያለ መድኃኒት የለም። እኔም ዕቅዱን በዚህ ልክ ቆረጥኩት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች ዲንሾ ማደር። የፓርኩ ዋና መሥሪያ ቤት እዚያ ነው፤ ከፍታው ከ3,000 ሜትር ጥቂት ያልፋል። ሰውነት እዚያ ይለምዳል። ከዚያ ጎባ ወርዶ ማደር፣ ሳነቴን ደግሞ ቀን ወጥቶ ማታ መውረድ። ሦስት ቀን የነበረው ጉዞ ስድስት ሆነ።

«ስድስት ቀን? ለአንድ ቀበሮ?» አለችኝ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ። ለአንድ ቀበሮ ነው፣ አዎ። ለአባቴም ጭምር።

የተውኩት ነገርም አለ፤ ይህን ሳልናገር አላልፍም፤ ምክንያቱም ሰው ሁሉ ፓርክ ሲሄድ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፓርኩ ከ2,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከሳነቴ በስተደቡብ መሬቱ ድንገት ወደ ሀረና ደን ይወርዳል። ዛፎቹ ሽበት አብቅለዋል፣ ጫካው ውስጥ ቡና በራሱ ይበቅላል፣ አንበሳ አለ፣ የባሌ ጦጣ አለ። ሶፍ ዑመር ዋሻም እዚያው ባሌ ነው። ካርታው ላይ ሁሉም ቅርብ ይመስላል። በመጀመሪያ ሁሉንም ጽፌ ነበር። ከዚያ አንድ በአንድ ሰረዝኩ። ሀረናን ስሰርዝ በጣም ከፋኝ፤ የአባቴ ደሎ መና ያለው በዚያ በኩል ነው። ግን ከሳነቴ ወርዶ ተመልሶ መውጣት ለእሱ ከባድ ነበር። «ለሌላ ጊዜ እናስቀምጠው» አለኝ። ስድስቱ ቀን ሁለት ቦታ ላይ ብቻ አረፈ።

አንድ ነገር ግን ጨመርኩ። በዌብ ሸለቆ በኩል ፊንጫ ሀበራ የሚባል ፏፏቴ አለ። አጠገቡ የድንጋይ መጠለያ አለ፤ ከፍታው 3,469 ሜትር። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ አንድ ጥናት እዚያ ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ይኖሩ እንደነበር አሳየ። በዚያን ጊዜ የባሌ አናት የበረዶ ግግር ነበረበት። ሰዎቹ ወደ በረዶው ጫፍ ወጥተው ከ4,200 ሜትር በላይ ከሚገኝ ቦታ ባልጩት ያመጡ ነበር። ምን ይበሉ ነበር? ይህንኑ ፍልፈል። አጥንቱ ተቃጥሎ፣ ብዙ ሆኖ፣ ከምድጃቸው አመድ ጋር ተገኝቷል።

ጽሑፉን አትሜ ለአባዬ ሰጠሁት። መነጽሩን አድርጎ፣ እርሳስ ይዞ፣ እንደ ተማሪ ፈተና እያሰመረ አነበበው። ሲጨርስ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። «ስድስት ዓመት በዚያ አካባቢ አስተማርኩ» አለ። «ሰው እዚያ ከፍታ ላይ መኖር የጀመረው በቅርቡ ነው ብዬ ነበር ለልጆቹ የምነግራቸው።» ድምፁ ውስጥ ጸጸትም ደስታም ነበር። ከዚያ «እነዚያም ሰዎች ፍልፈሉ የሚወጣበትን ሰዓት ያውቁ ነበር ማለት ነው» አለ። እኔ ከወራት ንባብ በኋላ የደረስኩበትን እሱ በአንድ ከሰዓት ደረሰበት።

ስለ ዕቃ ብዙ አልጽፍም። ሰው የሚይዘውን ያውቃል። ሁለት ነገር ብቻ። አንደኛ፣ አንድ ባይኖኩላር ለሁለት ሰው አይበቃም። ቀበሮው በሚታይባት ቅጽበት «ቆይ እኔም ልይ» ማለት ያሳዝናል። ተበድሬም ቢሆን ሁለት አደረግኩ። ሁለተኛ፣ 4,000 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው በ87 ዲግሪ ገደማ ነው። ባቄላም ሩዝም ቶሎ አይበስልም። ቤት በስሎ የመጣ ምግብ፣ በፔርሙዝ ትኩስ ሻይ፣ ቆሎና ዳቦ ይበቃል። ነዳጅ ሮቤ ወይም ጎባ ላይ መሙላት ነው፤ አምባው ላይ ማደያ የለም። መንገዱ ሰላም መሆኑን ደግሞ በዚያው ሳምንት፣ እዚያው ያለ ሰው ደውሎ መጠየቅ ግድ ነው። ከወር በፊት የተሰማ ወሬ አይሠራም።

የሚቀረው ከባዱ ነው። ቀይ ቀበሮን ከሁሉ በላይ የሚገድለው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ከከብት ጋር ወደ ተራራው ከሚወጡ ውሾች ይተላለፍበታል። ቀበሮዎቹ ቤተሰብ ናቸው፤ ይላላሳሉ፣ አብረው ይተኛሉ። አንዱ ከታመመ ሁሉም ይታመማል። እ.ኤ.አ. በ2003 በተነሳው ወረርሽኝ ዌብ ሸለቆ ውስጥ ከነበሩት ቀበሮዎች ከየአራቱ ሦስቱ ሞቱ ማለት ይቻላል። ዲስቴምፐር የሚባል ሌላ የውሻ በሽታም በተለያዩ ዓመታት መጥቷል። ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ውሾቹን እየከተቡ፣ ቀበሮዎቹን እየተከታተሉ ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ለቀበሮዎቹ ራሳቸው በአፍ የሚወሰድ ክትባት መስጠት ተጀመረ። ክትባቱን የፍየል ሥጋ ውስጥ ደብቀው ነው የሚያስቀምጡላቸው።

ይህን ሳነብ አሰላ ላይ የተባለው «የትም አይሄድም» ትዝ አለኝ። ሊሄድ ይችላል። አባቴ በወጣትነቱ ያያቸው ቀበሮዎች ልጆችና የልጅ ልጆች በእኔ ዕድሜ ሁለት ሦስት ጊዜ ሊያልቁ ደርሰው ተርፈዋል። እንግዲህ ጎብኚ ምን ያደርጋል? ውሻ ይዞ አይሄድም። የዶሮ አጥንት በመስኮት አይጥልም፤ ምግብ ውሻን ይጠራል። ሳነቴን የሚያቋርጠው መንገድ ላይ አይበርም፤ በመኪና የተገጩ ቀበሮዎች አሉ። ሹፌሩን ይህን ሁሉ ከመነሳታችን በፊት ቁጭ አድርጌ ነገርኩት። ተናዶብኝ ነበር መጀመሪያ። «እህቴ፣ እኔ ሃያ ዓመት ነድቻለሁ» አለኝ። ስለ ዌብ ሸለቆው ስነግረው ግን ዝም ብሎ ሰማኝ።

ከመሄዳችን ሁለት ሳምንት በፊት ዲንሾ ያለ አንድ አስጎብኚ ጋ ደወልኩ። ፈረስ የሚያከራይ ዘመድ አለው፣ እሱ ራሱ ያደገው እዚያው ነው። ሰላምታው ብቻ አምስት ደቂቃ ፈጀ፤ ከብቱን፣ ዝናቡን፣ የእኔን ቤተሰብ ጠየቀ። ከዚያ ጥያቄዬን አቀረብኩ።

«ስንት ሰዓት ላይ እንውጣ?»

«ሌሎቹ በ12 ሰዓት ነው የሚፈልጉት። ጠዋት ቤተሰቡ አንድ ላይ ሲዞር ይታያል፣ እሱም ጥሩ ነው። አደኑን ማየት ከፈለጋችሁ ግን ረፋድ ነው። ፀሐይ መሬቱን ካላሞቀችው ፍልፈሉ አይወጣም። ፍልፈሉ ካልወጣ ቀበሮው ምን ይሠራል?»

ስልኩን ይዤ ትንሽ ቆየሁ። ያን ሁሉ ወር ያነበብኩትን በአንድ አረፍተ ነገር ነገረኝ። ወሮታውን በዚያው ተስማማን፤ አልተከራከርኩም። የሚያውቀው ነገር ዋጋ እንዳለው ጉሙ ውስጥ አይቻለሁ።

ዲንሾ ያደርንባቸው ሁለት ቀናት ከሳነቴ በፊት ለመልመድ ብቻ የተያዙ ነበሩ። ግን አባዬ ዛሬም የሚያነሳቸው እነሱን ነው። ጋይሳይ የሚባለው ሜዳ ላይ የደጋ አጋዘን በመንጋ ይሰማራል። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ ውጭ የለም። ሳይንስ ያወቀው እ.ኤ.አ. በ1910 ነው፤ ዘግይቶ ከታወቁት ትላልቅ የአፍሪካ እንስሳት አንዱ ነው። በሁለተኛው ቀን ጠዋት አንድ ትልቅ ወንድ ከኮሶ ዛፍ ሥር ቆሞ ነበር። ቀንዱ ላይ የተጠመጠመ ሣር ተንጠልጥሏል። አባዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ከዘራውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ ግማሽ ሰዓት አየው። አስጎብኚው ሊያስነሳው ሲል «ተወው፣ ይየው» አልኩት በዓይኔ። ለመልመድ የተያዘ ቀን ስለሆነ የሚያስቸኩለን ነገር አልነበረም።

ፊንጫ ሀበራ በፈረስ ሄድን። ያንን መጠለያ ከውጭ ብቻ ነው ያየነው። አባዬ ወለሉን እያየ ቆመ። «እዚህ ጋ ነው እሳቱ የነበረው» አለ፤ ለራሱ ነው የተናገረው።

በአምስተኛው ቀን ከጎባ የወጣነው ጠዋት 2 ሰዓት አልፎ ነው። ቁርስ በልተን፣ ውሃ ጠጥተን፣ ቀስ ብለን። አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ እያጠረ ሄደ፤ ከዚያ ሜዳው ተከፈተ። ሰማዩ ላይ አንድ ደመና የለም። በጥላው በኩል ያሉት ኩሬዎች ጠርዛቸው ላይ ገና በረዶ ነበረባቸው። ከሩቅ ቱሉ ዲምቱ ይታያል፤ 4,377 ሜትር። «ቀይ ተራራ ማለት ነው» አለ አባዬ፣ አስጎብኚው ሳይነግረን። ራሱን አሞት እንደሆነ ጠየቅኩት። «የለም» አለ፤ አየሁት፣ ከንፈሩ ደህና ነው።

ረፋድ 4 ሰዓት ተኩል ላይ አስጎብኚው እጁን አነሳ። ሹፌሩ ቆመ፣ ሞተሩን አጠፋ። ዝምታው ጆሮ ላይ ይጮሃል። ከመንገዱ በስተግራ ወደ 60 እርምጃ ርቀት ላይ ቀይ ነገር አለ። አንገቱና ደረቱ ነጭ፣ እግሩ ረጅም፣ የጭራው ጫፍ ጥቁር። መሬት ላይ ተለጥፎ በሆዱ ይሳባል። ትንሽ ይሄዳል፣ ይቆማል። ጆሮው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው።

ከፊቱ የአፈር ክምር አለ። ክምሩ ላይ አንዲት ቡናማ ትንሽ ወፍ ቆማለች። «እሷ የፍልፈሉ ጓደኛ ናት» አለ አስጎብኚው በሹክሹክታ። «አፈሩን ሲቆፍር የሚወጣውን ትል ትበላለች። ክፉ ነገር ካየች ትጮሃለች፣ እሱ ይገባል።» በባይኖኩላሩ ክምሩን ፈለግኩት። መጀመሪያ አፈር ብቻ ነበር። ከዚያ አፈሩ ተንቀሳቀሰ። ግራጫ ቡናማ ጭንቅላት፣ ከአናቱ ላይ ሁለት ትናንሽ ዓይኖች፣ ሰፊ ቢጫ ጥርስ። ወጣ፣ አንድ አፍ ሣር ነጨ፣ ወደ ኋላ ተሳበ። ጠፋ። ቀበሮው በዚያች ቅጽበት አምስት ስድስት እርምጃ ተጠጋ። ፍልፈሉ ተመልሶ ሲወጣ ቀበሮው ደርቆ ቆሟል።

ይህ እየተደጋገመ ሩብ ሰዓት ሄደ። አባዬ አይናገርም። ባይኖኩላሩን በሁለት እጁ ይዟል፤ ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ ከብርዱ ይሁን ከሌላ አላወቅኩም። ወፊቱ ድንገት ጮኸች። ቀበሮው ዘሎ አፈሩ ላይ ወደቀ፣ በእግሩ ቆፈረ፣ አፍንጫውን እስከ ዓይኑ ድረስ ጉድጓዱ ውስጥ ከተተ። ሲያወጣው አፈር ብቻ ነበር። ፊቱን አራገፈ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። አልሄደም ግን። አንገቱን ዝቅ አድርጎ ጉድጓዱን ያይ ጀመር።

«እንሂድ? ሌላ ቦታም አለ» አለ ሹፌሩ፤ እጁ ቁልፉ ላይ ነው።

«እንዳታስነሳው» አለ አባዬ። ዓይኑን ከባይኖኩላሩ አላነሳም።